ፍላሹን ከካሜራው ነጥሎ ማንሳት፦ ጣና ዳር ለሚሠሩ ፎቶ አንሺዎች ዝርዝር መመሪያ

ትሪገር (ካሜራው ላይ ተሰክቶ ፍላሹን ከርቀት በራዲዮ የሚያበራ ዕቃ) እና ፍላሽ ገዝታችሁ፣ ቤት ውስጥ ሞክራችሁ ሠርቶ፣ ጣና ዳር ሙሽሮች ፊት ስትቆሙ ግን እምቢ ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ወይ ፍላሹ ብልጭ አይልም። ወይ የፎቶው ግማሽ ጥቁር ሆኖ ይመጣል። ወይ ሰውየው በርቶ ሐይቁና ሰማዩ ድራሻቸው ይጠፋል፤ ያን ሁሉ መንገድ ሄዳችሁ ስቱዲዮ ውስጥ ጥቁር ጨርቅ ፊት የተነሳ ይመስላል።

አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ዕቃው አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ነው። ሁሉን ነገር በአንዴ ትከፍቱና የትኛው እንዳበላሸ መለየት ያቅታችኋል። ስለዚህ አንድ በአንድ እንሂድ። ደረጃ አትዝለሉ፤ በተለይ ሁለተኛውንና አምስተኛውን።

## ደረጃ 1፦ ዕቃውን ከዋዜማው አሰናዱ

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፦

- ካሜራ ላይ የሚሰካው ዓይነት አንድ ፍላሽ
- ለካሜራችሁ የሚሆን አንድ ትሪገር
- ስታንድ፣ ፍላሹንና ጃንጥላውን አንድ ላይ የሚይዘው ማያዣ
- ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ጃንጥላ
- ትርፍ ባትሪ
- ባዶ ማዳበሪያ ወይም ጠንካራ ቦርሳ፣ አንድ ሜትር ገመድ

ትሪገሩ ለካሜራችሁ ብራንድ የተሠራ መሆን አለበት። ለምሳሌ ጎዶክስ የሚባለው የፍላሽ ብራንድ ኤክስ ፕሮ የሚባለውን ትሪገር ለካኖን፣ ለኒኮን፣ ለሶኒ እያለ ለየብቻ ነው የሚያወጣው። ለካኖን የተሠራውን ኒኮን ላይ ሰክታችሁ እንዲሠራ አትጠብቁ። ፍላሹ ላይ ግን ነገሩ ይቀላል። የሚገናኘው በራዲዮ ስለሆነ ለካኖን የተሠራ የጎዶክስ ፍላሽ ሶኒ ላይ በተሰካ የጎዶክስ ትሪገር ይታዘዛል፤ ከጓደኛ ለመዋስ ይህን ማወቅ ይጠቅማል። ፍላሹ ውስጡ ሪሲቨር (የራዲዮ መቀበያ) ያለው መሆኑን ደግሞ ስትገዙም ስትዋሱም ጠይቁ። ከሌለው ሪሲቨር ለብቻው መግዛት ግድ ነው።

ባትሪ ላይ አትሰስቱ። ፍላሻችሁ በአራት ድንጋይ የሚሠራ ከሆነ ቻርጅ የሚደረገውን፣ ላዩ ላይ 1.2 ቮልት የሚለውን ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ተጠቀሙ። ሱቅ የሚገኘው ተራ ድንጋይ 1.5 ቮልት ቢልም ፍላሽ ቶሎ ቶሎ ሲጠይቀው ይደክማል፤ በሁለት ብልጭታ መካከል ያለው ጊዜ እየረዘመ ይሄዳል። አራት አራት አድርጋችሁ በፕላስተር እሰሯቸው፣ ቁጥር ጻፉባቸው፣ አንዱን ስብስብ ከሌላው አትቀላቅሉ። ከአራቱ አንዱ ደካማ ከሆነ ሦስቱን ይዞ ይወድቃል።

ቻርጅ የምታደርጉት ከሁለት ቀን በፊት ይሁን። የሠርጉ ዋዜማ ማታ መብራት ቢሄድ ለማን አቤት ትላላችሁ?

## ደረጃ 2፦ ቤት ውስጥ አገናኙ፣ ቤት ውስጥ ፈትኑ

ሐይቁ ዳር የሚፈጠረው ችግር አብዛኛው እዚህ ላይ ያልተፈታ ነው።

1. ካሜራውን ዝጉ። ትሪገሩን ሆት ሹው (ካሜራው አናት ላይ ያለው የፍላሽ መሰኪያ) ላይ እስከ መጨረሻው ገፍታችሁ አስገቡና ቆልፉት። ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ትሪገር ስክሪኑ ይበራል፣ ደህና ይመስላል፣ ፍላሹን ግን አያዝም።

2. ሳይለንት ወይም ኤሌክትሮኒክ ሹተር የሚል ነገር ካሜራችሁ ላይ ካለ አጥፉትና ወደ ሜካኒካል መልሱት። አብዛኞቹ ሚረርለስ (ውስጣቸው መስተዋት የሌላቸው) ካሜራዎች ኤሌክትሮኒክ ሹተር ላይ ሆነው ፍላሽ አያበሩም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ድምፅ እንዳያሰማ ብላችሁ ከፍታችሁት ከሆነ እንደዚያው ይቀራል።

3. ካሜራውን ማኑዋል (ሁሉን እናንተ የምትወስኑበት ሞድ) ላይ አድርጉ። የሹተር ፍጥነት 1/160 ሰከንድ። አውቶ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት ራሱ የሚቀያይርበት) ይጥፋ።

4. ፍላሹን ክፈቱና በራዲዮ የሚቀበል ሞድ ላይ አድርጉት። ተጠንቀቁ፤ ብዙ ፍላሾች ሁለት ዓይነት መቀበያ አላቸው። አንዱ በራዲዮ ነው፣ ሌላው የሌላ ፍላሽ ብርሃን ሲያይ ብልጭ የሚል ነው። ሁለተኛውን ከመረጣችሁ ሳሎን ውስጥ ይሠራል፣ ፀሐይ ላይ ግን ይታወራል፤ ይባስ ብሎ የእንግዶችን ፍላሽ እያየ ያለ ትእዛዝ ይበራል። ብዙዎቹ የጎዶክስ ትንንሽ ፍላሾች ላይ በትክክል ተቀባይ ሲሆን ስክሪኑ ብርቱካናማ ይሆናል።

5. ቻናሉን ትሪገሩም ፍላሹም ላይ አንድ አድርጉ። 1 ቁጥርን ግን ተዉት። ከካርቶኑ የወጣ ዕቃ ሁሉ ብዙውን ጊዜ እዚያ ላይ ነው፣ አብዛኛውም ሰው አይነካውም። ቅዳሜና እሁድ ጣና ዳር ስንት ሙሽራ እንደሚወርድ ታውቃላችሁ። ጎናችሁ ያለው ፎቶ አንሺ ያንኑ ብራንድ ያንኑ ቻናል ከያዘ እሱ ሹተር በተጫነ ቁጥር የናንተ ፍላሽ ይበራል፤ እናንተ ስትጫኑ ደግሞ ባዶ ይሆናል። አይዲ የሚል ማስተካከያ ካለ እሱንም ቀይሩ። ከ1 እስከ 99 የሚሰጥ ዕቃ ላይ 47 ብትሉ ከሌላ ሰው ጋር የመጋጨት ዕድላችሁ በጣም ትንሽ ነው። ሁለቱም ላይ መቀየራችሁን ግን አረጋግጡ።

6. ፍላሹን ግሩፕ ኤ (ትሪገሩ ፍላሾችን ለይቶ ከሚያዝባቸው ምድቦች አንዱ) ላይ አድርጉ። ትሪገሩ ላይ ግሩፕ ኤን ማኑዋል አድርጋችሁ ኃይሉን 1/16 (የሙሉ ኃይሉ አሥራ ስድስተኛ) ላይ አቁሙ።

7. አሁን ሁለት ፈተና አለ፤ ሁለቱን አትቀላቅሉ። መጀመሪያ ትሪገሩ ላይ ያለውን የመሞከሪያ ቁልፍ ተጫኑ። ብልጭ ካለ ራዲዮው ደህና ነው። ቀጥሎ የካሜራውን ሹተር ተጫኑ። የመጀመሪያው ሠርቶ ሁለተኛው ካልሠራ ችግሩ ካሜራውና ትሪገሩ መካከል ነው፤ ወደ ቁጥር 1 እና 2 ተመለሱ። የመጀመሪያውም ካልሠራ ችግሩ ቻናል፣ አይዲ፣ ግሩፕ ወይም የመቀበያ ሞዱ ነው። ይህን መለየት ብቻ ብዙ ላብ ያድናችኋል።

8. ፍላሹን ግቢው ጥግ አቁሙና ራቅ ብላችሁ ሞክሩ። ፊታችሁ ሰው አቁማችሁም ሞክሩ። እነዚህ ትሪገሮች 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ነው የሚሠሩት፤ ይህን ሞገድ ውኃ ይውጠዋል፣ የሰው ሰውነት ደግሞ አብዛኛው ውኃ ነው። በመካከል የቆመ የሚዜ መንጋ ፍላሹን ሊያስቀረው ይችላል።

አንድ ተጨማሪ ነገር ለሚረርለስ ተጠቃሚዎች። ማኑዋል ላይ ሆናችሁ ስክሪኑ ጨልሞ ሰው መለየት ካቃታችሁ ካሜራው የሚያሳያችሁ ያለ ፍላሽ የሚወጣውን ፎቶ ነው። ሶኒ ላይ ላይቭ ቪው ዲስፕሌይ፣ ካኖን ላይ ኤክስፖዠር ሲሙሌሽን የሚለውን ፈልጋችሁ አጥፉት። ለደረጃ 5 መልሳችሁ ብትከፍቱት ግን ጥሩ ነው፤ እዚያ የምትፈልጉት የአካባቢውን ብርሃን ማየት ነውና።

## ደረጃ 3፦ ቦታውንና ሰዓቱን አስቀድማችሁ እዩ

ባሕር ዳር ያለችው በሐይቁ ደቡብ ጫፍ ነው። ሐይቁን ፊት ለፊት ስታዩ በአብዛኛው ወደ ሰሜን ነው የምታዩት። ሠርግ የሚበዛው በጥር ነው፤ በጥር ደግሞ ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ ደቡብ ምዕራብ አዘንብላ ነው። ስለዚህ ከብዙው የከተማው ዳርቻ ሆናችሁ ሐይቁንም የምትጠልቀውን ፀሐይም አንድ ፍሬም ውስጥ ማግባት ቀላል አይደለም። በሚያዝያና በግንቦት ወደ ሰሜን ምዕራብ ትጠጋለች፣ ነገሩም ይቃለላል። ከቀኑ በፊት አንድ ምሽት ወርዳችሁ የት እንደምትጠልቅ በዓይናችሁ እዩ።

ሙሽሮቹ 11 ሰዓት ላይ ቦታው ላይ ይሁኑ። በጥር ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት አለፍ ሲል ነው፤ ከጠለቀች በኋላ ያለው ለፎቶ የሚሆን ብርሃን 20 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። እኛ አገር ምሽት አያቅማማም። ሠርገኛ ደግሞ እንደሚዘገይ ታውቃላችሁ፤ እናንተ 10 ሰዓት በሉት።

አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ። ሲመሽ ደንገል ውስጥ ስታንድ ለመትከል አትግቡ፣ ሙሽራም አታስገቡ።

## ደረጃ 4፦ ስታንዱን ነፋስ እንዳይጥለው

ቀን ቀን ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ ነው የሚመጣው። የተዘረጋ ጃንጥላ ሸራ ማለት ነው፤ ነፋስ ሲይዘው ፍላሹን ይዞ ይወድቃል፣ አወዳደቁ ደግሞ ብዙ ጊዜ በፍላሹ አንገት ነው።

ማድረግ ያለባችሁ፦ ከስታንዱ ሦስት እግሮች አንዱን ጃንጥላው ወደሚያጋድልበት አቅጣጫ አዙሩት። እግሮቹን እስከ መጨረሻው ዘርጉ። ማዳበሪያው ውስጥ ድንጋይ ሙሉና ስታንዱ ላይ በገመድ አንጠልጥሉት፤ መሬት ነካ ቢያደርግ ይሻላል፣ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ክብደት ራሱ ያንገዳግዳል። የማይፈለገውን የላይኛውን ቁመት አታውጡ።

ጃንጥላው መታጠፍ ከጀመረ አትከራከሩት። አውልቁትና ፍላሹን ባዶውን ተጠቀሙ፣ ወይም ጃንጥላውን ዝጉና ረዳታችሁ ፍላሹን በሞኖፖድ (ባለ አንድ እግር ዘንግ) ይያዘው። እኔ እንዲያውም ሐይቅ ዳር ከስታንድ ይልቅ ሰው እመርጣለሁ። ሰው ይራመዳል፣ ነፋሱ ሲመጣ ያጋድላል፣ ልጆች ሲሮጡ ይጮኻል። ለረዳታችሁ አንድ ነገር ብቻ ንገሩት፦ «ፍላሹ ሁልጊዜ የሙሽራዋን ፊት ይይ፣ ከእሷ ያለህ ርቀት ደግሞ አይለወጥ።» ርቀቱ ለምን እንደሚያሳስብ ደረጃ 7 ላይ አለ።

## ደረጃ 5፦ መጀመሪያ ያለ ፍላሽ አንሱ

ትሪገሩን ዝጉ። አዎ፣ ዝጉት። አሁን የምትፈልጉት የሐይቁንና የሰማዩን ብርሃን ብቻ ነው።

አይኤስኦ 100፣ ሹተር 1/200፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 5.6 አድርጉና አንድ ፎቶ አንሱ። ፀሐይ ልትጠልቅ ግማሽ ሰዓት ሲቀራት ይህ ጥሩ መነሻ ነው፤ ሕግ ግን አይደለም። ስክሪኑ ላይ ሰማዩን እዩ። ደመናው ቅርጹ ይታያል? የሰማዩ ቀለም አለ? የሙሽሮቹ ፊት መጨለሙ አያስጨንቃችሁ፤ መጨለም አለበት። ሰማዩ ከነጣ አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 8 አጥብቡ። በጣም ከጨለመ ሹተሩን ወደ 1/125 ወይም 1/60 አውርዱ።

ግቡ ይህ ነው፦ ጀርባው ዓይናችሁ ከሚያየው በአንድ ስቶፕ ያህል ጠቆር ብሎ ይውጣ። አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው። እንዲህ ስታደርጉ የሰማዩ ቀለም ይጎላል፣ ፍላሹም ሥራ ያገኛል።

አሁን ማስጠንቀቂያው። ሹተሩን ከ1/200 በላይ አታድርጉ። አንዳንድ ካሜራ እስከ 1/250 ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ ከ1/160 አያልፍም፤ የራሳችሁን መመሪያ መጽሐፉ ላይ «ፍላሽ ሲንክ» በሚለው ሥር እዩ። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሹተር ሁለት መጋረጃ አለው። አንዱ ይከፍታል፣ ሌላው ይከተልና ይዘጋል። ከዚያ ፍጥነት በላይ ሲሆን የመጀመሪያው ከፍቶ ሳይጨርስ ሁለተኛው መዝጋት ይጀምራል፤ ሴንሰሩ በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ክፍት የሚሆንበት ቅጽበት የለም። ፍላሹ ደግሞ ለአንድ አፍታ ነው የሚበራው። መጋረጃው የሸፈነው ክፍል ያንን ብርሃን አያገኝም። ፎቷችሁ ላይ የምታዩት ጥቁር ሰሌዳ እሱ ነው።

## ደረጃ 6፦ ፍላሹን ክፈቱና ኃይሉን አግኙ

ስታንዱን ከሙሽሮቹ አንድ ሜትር ተኩል ያህል፣ ከካሜራው ወደ ጎን ወጣ አድርጋችሁ አቁሙ። ከፍታው ከጭንቅላታቸው በላይ ይሁን፣ ወደ ታች ዘንበል ይበል። ፀሐይዋ ከግራ ኋላ ከመጣች ፍላሹ ከቀኝ ፊት ይምጣ፤ ፀሐይዋ ጸጉርና ትከሻ ላይ መስመር ትሠራላችኋለች፣ ፍላሹ ፊት ያበራል። ሁለቱም ከአንድ በኩል ከመጡ ሌላው ጎን ይሞታል።

ትሪገሩን ክፈቱ። 1/8 ላይ ጀምሩና አንሱ።

ፊቱ ከነጣ ወደ 1/16፣ ከጨለመ ወደ 1/4። ካሜራውን አትንኩ። ካሜራው ሥራውን ደረጃ 5 ላይ ጨርሷል፤ አሁን የምትነኩት የትሪገሩን ቁጥር ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ፊት ሲነጣ አፐርቸር ያጠባል፣ ያኔ ሰማዩ አብሮ ይጨልማል፣ ሰማዩን ለማዳን አይኤስኦ ይጨምራል፣ ፊቱ መልሶ ይነጣል። እንዲህ ሲሽከረከር ፀሐይዋ ትጠልቃለች።

ይህን ያዙት፦ ሹተር የሚገዛው የአካባቢውን ብርሃን ብቻ ነው። የትሪገሩ ቁጥር የሚገዛው ፍላሹን ብቻ ነው። አፐርቸርና አይኤስኦ ሁለቱንም ይነካሉ።

1/1 ላይ አዘውትራችሁ አትሥሩ። ፍላሹ ለመሙላት ጊዜ ይወስዳል፣ ይሞቃል፣ ብዙዎቹ ሲሞቁ ራሳቸውን ይቆልፋሉ። 1/1 ካስፈለጋችሁ ፍላሹን አስጠጉ።

ቲቲኤል (ካሜራው የፍላሹን ኃይል ራሱ የሚወስንበት ሞድ) ለምን አልመከርኩም? ካሜራው የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ነው የሚታገለው። ነጭ ሀበሻ ቀሚስና ነጠላ ሲያይ «በዛ» ብሎ ይቀንሳል፣ የሙሽራዋ ፊት ይጨልማል። በመልስ ቀን ጥቁር ከፋይ ካባ ሲያይ «አነሰ» ብሎ ይጨምራል፣ ፊቱ ይነጣል። እዚያው ቆመው ነጠላዋን ስታጣፋና ስትዘረጋ ብቻ የፎቶው ብርሃን ይለዋወጣል። ማኑዋል አንዴ ከተያዘ ማንም ምንም ቢለብስ አይነቃነቅም።

## ደረጃ 7፦ ፊትና ቀሚስ፣ ሙሽራና ሙሽሪት

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የሙሽራ ፎቶ የሚለየው እዚህ ነው።

ሀበሻ ቀሚስ ነጭ ነው፣ ከፊት በላይ ብርሃን ይመልሳል። ፍላሹን ደረት ላይ ካነጣጠራችሁ ፊቱ ልክ ሲመጣ ቀሚሱ ይነጣል፤ የሸማኔው ጥበብ ደብዝዞ ነጭ ወረቀት ይሆናል። መፍትሔው ጃንጥላውን ከፍ አድርጎ አፉን ትንሽ ወደ ላይ ማቅናት ነው። ያኔ የብርሃኑ መሃል ፊት ላይ ያርፋል፣ ቀሚሱን የሚያገኘው የብርሃኑ ጠርዝ ብቻ ነው። ስክሪኑ ላይ የነጣ ቦታ እያብለጨለጨ የሚያሳየውን ማስጠንቀቂያ ክፈቱ። ቀሚሱ ላይ ካብለጨለጨ በጥቂቱ ኃይል ቀንሱ። አጉልታችሁም እዩ፤ የነጠላው ጥለት ላይ ክሩ አንድ በአንድ መለየት አለበት።

ፊት ላይ የሚያብለጨልጭ ቦታ ካያችሁ ላብ ነው። ግንባርና አፍንጫ ላይ ሶፍት ቀስ ብሎ መጫን ይበቃል፤ ማሸት ሜካፑን ያነሳዋል። «እህቴ፣ ትንሽ ጫን አድርጊው» ብላችሁ ሶፍቱን ለራሷ ወይም ለሚዜዋ ስጡ፤ እናንተ አትንኩ።

አሁን ርቀት። ፍላሹ ከሙሽራው በ1 ሜትር፣ ከሙሽሪት በ1.6 ሜትር ከሆነ እሱ የሚያገኘው ብርሃን ከእሷ ሁለት እጥፍ ተኩል ይሆናል። ፍላሹን ወደ ኋላ ወስዳችሁ 2.5 እና 3.1 ሜትር ብታደርጉት ልዩነቱ አንድ ተኩል እጥፍ ብቻ ይሆናል። ብርሃን በርቀት የሚቀንሰው በካሬ ነውና፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ሰው ስታነሱ አስጠጉ፣ ጥንድ ስታነሱ አርቁና ኃይል ጨምሩ፣ ቤተሰብ ስታነሱ ደግሞ ከዚያም አርቁና ጃንጥላውን ወደ ራቀው ሰው አነጣጥሩ።

መነጽር ያደረጉ አባት ካሉ ጃንጥላው መስተዋቱ ላይ ይታያል። ፍላሹን ከፍ አድርጉ፣ ወይም «አባባ፣ አገጭዎን ትንሽ ዝቅ ያድርጉልኝ» በሉ። አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

## ደረጃ 8፦ ቀለሙን አስታርቁ

የፍላሽ ብርሃን ወደ 5600 ኬልቪን ነው፤ የቀትር ፀሐይን ይመስላል። የምትጠልቅ ፀሐይ ግን ብርቱካናማ ናት። ሁለቱን አንድ ላይ ስታነሱ ሰውየው ሰማያዊ ቅዝቃዜ ይዞ ከሌላ ቦታ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል። ፍላሹ አፍ ላይ ብርቱካናማ ጄል (ባለ ቀለም ስስ ፕላስቲክ) ለጥፉ፤ ሲቲኦ ከሚባለው ብርቱካናማ ጄል ግማሽ የሚባለው ለጣና ምሽት ይስማማል፣ ሩቡ ደግሞ ፀሐይዋ ገና ከፍ ስትል። ዋይት ባላንሱን (ካሜራው የብርሃኑን ቀለም የሚያስተካክልበትን) ዴይላይት ላይ ቆልፉት፣ አውቶ ላይ አትተዉት። ጄሉ ብርሃን ስለሚበላ ከለጠፋችሁ በኋላ ኃይል ትንሽ ጨምሩ።

## ደረጃ 9፦ ሲመሽ ሹተሩን ተከተሉ

ፀሐይዋ እየወረደች ስትሄድ ፍላሹ ያው ነው፣ ሰማዩ ግን በየደቂቃው ይጨልማል። ስለዚህ ሹተሩን ብቻ አውርዱ፦ 1/200፣ 1/125፣ 1/60፣ 1/30። ፊቱ ላይ ያለው የፍላሽ ብርሃን አይለወጥም። 1/30 ሲደርስ አይኤስኦውን ወደ 400 ከፍ አድርጋችሁ የፍላሹን ኃይል በሁለት ስቶፕ ቀንሱ፤ 1/8 ከነበረ 1/32። ሹተሩን ከዚያ በታች ካወረዳችሁት ሰውም ታንኳም ሲንቀሳቀስ ጥላ ይተዋል።

ፎከስ እምቢ ሲል ረዳታችሁ የስልኩን መብራት ፊታቸው ላይ ያብራና ፎከሱ ሲያዝ ያጥፋው።

## ቀትር ላይ ካነሳችሁ

ቀትር ላይ ትንሽ ፍላሽ ከፀሐይ ጋር አይታገልም። ሃይ ስፒድ ሲንክ ከ1/200 በላይ እንድታነሱ ይፈቅዳል፤ ፍላሹ አንዴ ብልጭ በማለት ፋንታ መጋረጃዎቹ ሲያልፉ ቶሎ ቶሎ እየተንቀጠቀጠ ያበራል። ዋጋው ኃይል ነው፤ ቢያንስ ሁለት ስቶፕ ያህል ይወስድባችኋል። ጃንጥላ ጨምራችሁበት ምንም አይቀርም። ባዶ ፍላሽ፣ በጣም ቅርብ፣ አንድ ሰው፤ ከዚያ በላይ አትጠይቁት። ከሁሉም የሚሻለው ሙሽሮቹን ዛፍ ጥላ ሥር አስገብቶ በመደበኛው መንገድ መሥራት ነው። ሐይቁ ዳር ዋርካ አይጠፋም።

## እምቢ ሲል

አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም። ፍላሹ ሳይሞላ ነው የምትጫኑት። ዝግጁ መሆኑን የሚያሳየውን መብራት ጠብቁ። ከቀጠለ ባትሪ ቀይሩ።

ለረጅም ጊዜ ቆይታችሁ ስትመለሱ ሞተ። ፍላሹ ወይም ትሪገሩ ተኝቷል። ሹተሩን ግማሽ ተጭናችሁ ቀስቅሱት። ፍላሹ ሜኑ ውስጥ ራሱን የሚዘጋበትን ሰዓት አርዝሙት።

ከሩቅ ይሠራል፣ ከቅርብ አይሠራም። እንግዳ ይመስላል፣ ግን አለ። ትሪገሩ ፍላሹን በጣም ሲጠጋ ሲግናሉ ይበዛበታል። ጎዶክስ ላይ ርቀት የሚለውን ከ1–100 ሜትር ወደ 0–30 ሜትር ቀይሩ።

ሆቴል ግቢ ውስጥ ይቆራረጣል። ዋይፋይም እዚያው 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ስለሚሠራ ሊጋፋ ይችላል። ቻናል ቀይሩ፣ ከሰዎችና ከብረት አጥር ጀርባ አውጡት።

ሙሉው ፎቶ ጥቁር። ደረጃ 2 ቁጥር 7ን ድገሙ። ሁለቱ ፈተናዎች የት እንደሆነ ይነግሯችኋል።

አየር ላይ ነጫጭ ነጥቦች። ሲመሽ የሚወጡ ትንንሽ ነፍሳት ናቸው፤ ጢስ አባይ ላይ ደግሞ የፏፏቴው እርጭ ነው። ፍላሹ ካሜራው አጠገብ ሲሆን ይብሳል። ወደ ጎን አውጡት።

ምንም አልሠራ አለ፣ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። ሁለቱንም ዝጉ፣ ባትሪ አውጥታችሁ መልሱ፣ ቻናል ብቻ አይታችሁ አንዴ ሞክሩ። ካልሆነ ፍላሹን ካሜራው ላይ ሰኩና ሥሩ። ሙሽራ አታስጠብቁ።

## ታንኳ፣ ገዳም፣ ዝናብ

ሙሽሮቹ ደንገል ታንኳ ላይ ከሆኑ ፍላሹ ዳር ይቅር፣ ታንኳው ወደ ፍላሹ ይጠጋ። ስታንድ ታንኳ ላይ አይቆምም። ቀዛፊውን አስቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ብልጭታው ድንገት ዓይኑ ላይ እንዳይሆን አሳውቁት።

ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረትም ሆነ ሌሎቹ ገዳማት ውስጥ ግድግዳው ሥዕል ነው። ፍላሽ አይበራም፣ ትሪገሩን ከካሜራው ንቀሉት። ውጭ ግቢው ላይም አባቶችን አስፈቅዳችሁ ነው። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፤ ሙሽሪትን ይዛችሁ ጀልባ ከመከራየታችሁ በፊት ይህን እወቁ።

ዝናብ ከጀመረ ፍላሹን ዝጉና ሸፍኑ። ውኃ ከገባበት ባትሪውን አውጡ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ አትክፈቱት፣ ራሳችሁም አትፍቱት። ውስጡ ያለው ካፓሲተር ባትሪ ከወጣ በኋላም በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ሊይዝ ይችላል። ለባለሙያ ስጡ።

ቤት ስትገቡ ድንጋዮቹን ከፍላሹም ከትሪገሩም አውጡ። ትሪገሩን ሳትዘጉ ቦርሳ ውስጥ ከተዋችሁት ጠዋት ባዶ ሆኖ ይጠብቃችኋል፤ ጠዋት ደግሞ የመልስ ፎቶ አለ።